ትንፋሽ ላጠረው ሰው «ተረጋጋ» ማለት ሕክምና አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ አስም የወጣው ጽሑፍ ስለ አቧራ፣ ስለ ጢስና ስለ ቅዝቃዜ የሰጠው ምክር ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከሕመምተኛ ቤተሰብ ዘወትር የምንሰማውን ነገር እንዳለ ወስዶ አትሞታል። አስም በአብዛኛው ከጭንቀትና ከብስጭት የሚመጣ ስለሆነ የታመመው ሰው አስቀድሞ ራሱን ያረጋጋ ይላል። ይህ አባባል አደገኛ የሆነው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። የሳንባን ቧንቧዎች የሚያጠበው እውነትም ነርቭ ነው፤ ጭንቀትም በዚያው ነርቭ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ተነሥቶ ሕመሙ የሐሳብ ነው ማለት ግን ሰውየው ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ከኪሱ ሳያወጣ፣ ቤተሰቡም መኪና ሳይፈልግ ሌሊቱን እንዲያሳልፍ ያደርጋል። ስለዚህ ነርቩ ምን እንደሚሠራ፣ የቱ ጋ እንደሚበላሽና መድኃኒቶቹ በየት በኩል እንደሚያግዙ ዘርዘር አድርገን መጻፍ ፈልገናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማንቁርት በታች የሚጀምረው ዋናው የአየር ቧንቧ በአዋቂ ሰው ወደ 18 ሚሊሜትር ስፋት አለው። እሱ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እያለ 23 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ አየር ከረጢቶቹ ዘንድ ይደርሳል። በቧንቧዎቹ ግድግዳ ዙሪያ ለስላሳ የሚባለው ዓይነት ጡንቻ ተጠምጥሟል። እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ በፈቃዳችን አናዝዘውም። ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ጥቂት መጥበብ ቀላል ነገር አይደለም፤ አየሩ ሳይናወጥ በሚፈስበት ቧንቧ ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩ የሚገጥመው እክል 16 እጥፍ ይሆናል። አስም የተነሣበት ሰው አንገቱን አስግጎ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ሲታገል የምናየው ለዚህ ነው።

ለጡንቻው የመኮማተር ትእዛዝ የሚያደርሰው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ዐሥረኛው ሲሆን፣ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት ግራና ቀኝ ይወርድና ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጨጓራና ለአንጀት ቅርንጫፍ ይሰጣል። ወደ ሳንባ የሚገባው ክፍሉ በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን የነርቭ ቋጠሮዎች ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያሉት አጫጭር ነርቮች ትእዛዙን እስከ ጡንቻውና እስከ ንፍጥ አመንጪ ዕጢዎቹ ድረስ ይወስዱታል፣ ጫፋቸው ላይም አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያስተላልፍ ኦቶ ሎዊ በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ያሳየው በዚሁ በቫገስ ነርቭ ነበር፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

አሴቲልኮሊን ጡንቻው ላይ ሲደርስ ኤም 3 በሚባል ተቀባይ ላይ ያርፋል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ ዕጢዎቹም ንፍጥ ያመነጫሉ። በዚያው ቅጽበት የተለቀቀው ኬሚካል በከፊል ወደ መጣበት የነርቭ ጫፍ ተመልሶ ኤም 2 የሚባለውን ሌላ ተቀባይ ይነካል፤ ይህኛው ደግሞ ነርቩ ተጨማሪ አሴቲልኮሊን እንዳይለቅ ይከለክለዋል። የነርቩ ልጓም ይህ ነው። የቀረውን ደግሞ በአካባቢው ያለ ኢንዛይም ወዲያው ይሰባብረዋል። በጤነኛ ሰውም ቢሆን ቫገስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ቧንቧዎቹን ሁልጊዜ በመጠኑ ጨበጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። የአሴቲልኮሊንን ሥራ የሚያግደው አትሮፒን የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ ምንም ያልታመመ ሰው ቧንቧ እንኳ ሰፋ የሚለው ያ ጭብጥ ስለሚላላ ነው።

የሚያላላውስ ማን ነው? እዚህ ላይ የሕክምና ተማሪዎችም ጭምር ይሳሳታሉ። ልብን የሚያፋጥነው ሲምፓቴቲክ የተባለው የነርቭ ክፍል የሳንባን ቧንቧም በቀጥታ የሚከፍት ይመስላቸዋል። በሰው ሳንባ ውስጥ ግን ወደ ቧንቧው ጡንቻ በቀጥታ የሚደርስ ሲምፓቴቲክ ነርቭ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጡንቻው ቤታ 2 በሚባሉ ተቀባዮች የተሞላ ነው፤ ወደ እነሱ የሚደርሰው አድሬናሊን ግን ከኩላሊት አናት ላይ ካሉት ዕጢዎች ወጥቶ በደም የሚመጣ ነው። በቀጥታ የሚያላሉ ነርቮች አሉ፤ እነሱም በቫገስ በኩል የሚታዘዙና ናይትሪክ ኦክሳይድንና ቪአይፒ የተባለ ፕሮቲን የሚለቁ ናቸው። አድሬናሊን በደም መምጣቱን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ስለ ፕሮፕራኖሎል ስንጽፍ እንመለስበታለን።

ቫገስ ከላይ ወደ ታች ብቻ አያዝም። በውስጡ ካሉት ቃጫዎች አብዛኛዎቹ እንዲያውም ከታች ወደ አንጎል መረጃ የሚያደርሱ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሳንባው ምን ያህል እንደተነፋ ይለካሉ። ሌሎቹ አቧራን፣ ንፍጥንና የገባን ባዕድ ነገር ይለያሉ፤ ማንቁርት አካባቢና ዋናው ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ይበዛሉ። ሦስተኛዎቹ ሲ የሚባሉት ቀጫጭን ቃጫዎች ናቸው፤ የበርበሬን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዛላ በርበሬ ሲታመስ ወይም ሲወቀጥ አየር ላይ የሚነሣው ብናኝ ካፕሳይሲን ይዟል። ብናኙ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አልፎ የአየር ቧንቧው ሽፋን ላይ ሲያርፍ፣ በሲ ቃጫዎች ጫፍ ላይ ያለውን ቲአርፒቪ 1 የተባለ መግቢያ ይከፍታል። መግቢያው ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትና በአሲድም ይከፈታል፤ በርበሬ «ያቃጥላል» የምንለው ለአንጎል የሚደርሰው መልእክት በእርግጥም የማቃጠል ስለሆነ ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ይህን መግቢያ በ1997 ለይተው አውጥተዋል፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ከማገዶ ጢስ ውስጥ የሚገኘው አክሮሊን ደግሞ ቲአርፒኤ 1 የተባለ ተመሳሳይ መግቢያ አለው። መልእክቱ በቫገስ ወደ አንጎል ግንድ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለት ምላሽ ይመጣል፤ አንዱ ሳል ነው፣ ሌላው የቧንቧው መጥበብና የንፍጥ መብዛት ነው። ይህ ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ሐሳብ የሚባለው ነገር የሚገባበት ቦታ የለም፤ ራሱን የሳተ ሰው እንኳ ይህ ምላሽ ሊታይበት ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሳል አለርጂም አይደለም። በርበሬ በሚታመስበት ሰዓት አስም ያለበት ሰው ከቤት ይውጣ፤ «ይልመደው» እያሉ አጠገቡ ማስቀመጥ ምንም አያስለምደውም። እርጥብ እንጨት ነድዶ እንጀራ በሚጋገርበት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ልጅ አዝሎ መቆምም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ነርቩ ለሁሉም ሰው ያው ከሆነ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ስሎ ሲያበቃ ሌላው ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል? መልሱ ያለው በቧንቧው መቆጣት ላይ ነው። አስም ያለበት ሰው ደህና በሚመስልበት ቀንም የቧንቧው ግድግዳ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ኢዮሲኖፊል በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተወሯል። ሽፋኑ ሲላጥ የነርቭ ጫፎቹ ይጋለጣሉ፤ ለትንሽ ነገር ይደነግጣሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ልጓሙ ይላላል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ከኢዮሲኖፊሎች የሚወጣ ፕሮቲን ኤም 2 ተቀባይ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያስቆመዋል፤ የጉንፋን ዓይነት ቫይረሶችም ይህንኑ ተቀባይ ያሰናክሉታል። ያኔ ያው ትእዛዝ ይበልጥ ብዙ አሴቲልኮሊን ያስለቅቃል። ብዙ ሕመምተኞች «ጉንፋን ከያዘኝ በኋላ ነው የባሰብኝ» የሚሉት ምክንያት አለው።

ጭንቀትን በተመለከተ ዓምዳችሁ ሊጠቅሰው ይገባ የነበረ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ሉፓሬሎና ባልደረቦቹ 40 የአስም ሕመምተኞችን ተራ የጨው ውኃ ተን እንዲስቡ አድርገው፣ የሚስቡት ሕመማቸውን የሚቀሰቅሰው ነገር መሆኑን ነገሯቸው። 19ኙ ቧንቧቸው በመሣሪያ ሲለካ ጠቦ ተገኘ፤ ከእነሱም 12ቱ ግልጽ የአስም ማጥቃት ደረሰባቸው። አስም በሌለባቸው ሰዎች ላይ ግን ያው ነገር ሲደረግ የአንዳቸውም ቧንቧ አልጠበበም። በተከታዩ ዓመት ደግሞ አትሮፒን አስቀድሞ ሲሰጥ ይህ ምላሽ እንደሚቀር ታየ። ስለዚህ ፍርሃት በቫገስ በኩል ወርዶ ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ቧንቧው ቀድሞ ያልተቆጣ ሰው ግን በፍርሃት ብቻ አስም አይያዝም። ደግሞም በነርቭ የጠበበ ቧንቧ በአለርጂ ከጠበበው ያላነሰ እውነተኛ ጥበት ነው፤ የሚከፈተውም በመድኃኒት ነው። ለተጨነቀው ሰው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ቀስ ብለህ ተንፍስ ማለት ጥሩ ነው፤ ፓፉ ከተነፋ በኋላ።

ሌሊት ላይ ለምን ይብሳል የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሁላችንም ሳንባ ቧንቧዎቹ በጣም የሚጠቡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የቫገስ ሥራ ከቀኑ ይበረታል፣ በደም ውስጥ ያለው አድሬናሊን ዝቅ ይላል፣ ቁጣን የሚያበርደው ኮርቲሶልም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በጣም ያነሰ ነው። ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድም የምግብ ቧንቧውን ሲነካ በዚያው ነርቭ በኩል የሳንባውን ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። በወር ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየነቃ የሚያስል ሰው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ነው፤ ብርድ መታኝ ብሎ በጋቢ ከመጠቅለል መድኃኒቱን ማስተካከል ይቀድማል።

ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። ሳልቡታሞል በአድሬናሊን በኩል የሚሄድ ነው፤ ቤታ 2 ተቀባዮችን ነክቶ ጡንቻውን ያላላል። አንድ ፓፍ 100 ማይክሮግራም ይይዛል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ሰው ፓፍ ሱስ ያስይዛል ብሎ ፈርቶ ኪኒኑን ይመርጣል። የ4 ሚሊግራም ኪኒን ግን የ40 ፓፍ ያህል ሳልቡታሞል ነው፤ በሆድ ዞሮ፣ በደም ተሰራጭቶ፣ እጅ እያንቀጠቀጠና ልብ እያስመታ ከዚያ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ይህን ምርጫ ማስተው ከቻልን ጋዜጣው ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። አይፕራትሮፒየም ደግሞ በሌላው በኩል ይመጣል፤ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ የቫገስን ትእዛዝ ያግዳል። ሥራው ዘግየት ይላል፤ ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ብቻውን ለድንገተኛ ማጥቃት አይሆንም፤ በከባድ ማጥቃት ጊዜ ከሳልቡታሞል ጋር ሲደመር ግን ሆስፒታል የሚተኛውን ሰው ቁጥር ይቀንሳል። በሲጋራ ወይም በማገዶ ጢስ ሳንባቸው ለተጎዳ ሰዎች፣ ሊላላ የሚችለው ዋናው ነገር የቫገስ ጭብጥ ስለሆነ፣ ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ይበልጥ ይረዳቸዋል፤ ቲዮትሮፒየም የተባለው የዚያው ወገን 24 ሰዓት ይቆያል።

ሁለቱም ግን ጡንቻውን ያላላሉ እንጂ ቁጣውን አያበርዱም። ልጓሙን የሚመልሰው፣ የተጋለጡትን የነርቭ ጫፎች የሚሸፍነው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ። ውጤቱ በቀናትና በሳምንታት ስለሚታይ ሰዎች አልሠራም ብለው ይተዉታል፤ ወይም ሲሻላቸው ያቆሙታል። አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም እንደማይገባ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች በግልጽ አስፍሯል። ከሳቡ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት አፍ ውስጥ ፈንገስ እንዳይበቅል ይረዳል።

ፓፍ አፍ ላይ ደግኖ መንፋት ለብዙ ሰው አይሳካም፤ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባውን ባዶ ዕቃ፣ መግዛት ያልቻለ ሰው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሊሠራው ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስም በተነሣባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ከተገዛው ጋር እኩል ሠርቷል። ባዶው ሃይላንድ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ በጨርቅ ሳይወለወል እንዲሁ ይደርቃል። ከተወለወለ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። የፓፉ አፍ በሃይላንዱ መቀመጫ ላይ ተደግፎ በእስክሪብቶ ይከበባል፣ ልክ በልኩ ይቀደዳል፣ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ከገባ በኋላ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ክፍተት ከቀረ መድኃኒቱ በዚያ ያመልጣል። ፓፉ በደንብ ይነቀነቃል፤ ሕመምተኛው የሃይላንዱን አፍ በከንፈሩ ይገጥማል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ ከውስጡ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ፓፍ ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ሦስቱን ደርቦ መንፋት ጠብታዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዲቀሩ ያደርጋል።

ማጥቃቱ ከበረታ በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ በየ20 ደቂቃው፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት መስጠት ይቻላል፤ ይህን እያደረጉ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው፣ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መደንዘዝ ከጀመረ ጊዜ የለም። በተለይ አንድ ነገር ቤተሰብን ያታልላል፤ ሲር ሲር ሲል የቆየው ደረት ድንገት ጸጥ ሲል ተሻለው ይባላል። ሰውየው እየደከመ ደረቱ ጸጥ ካለ አየር ማለፉን እያቆመ ነው። በጤና ተቋም ለአዋቂ አይፕራትሮፒየም 0.5 ሚሊግራም ከሳልቡታሞል ጋር በአንድ ኔቡላይዘር፣ ማለትም መድኃኒቱን ወደ ጭጋግ በሚለውጥ መሣሪያ፣ ይሰጣል፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የሚዋጥ ስቴሮይድም በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የኔቡላይዘሩ ጭምብል ካልገጠመ ጭጋጉ ወደ ዓይን ይገባል፤ አይፕራትሮፒየም ብሌን ስለሚያሰፋ ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ የተባለ የዓይን ግፊት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን በአፍ የሚያዘው ዓይነት ይሻላል።

አሁን ወደ ፕሮፕራኖሎል እንመለስ። ለልብ ምት መፍጠን፣ ለእንቅርት፣ ለማይግሬን፣ ለእጅ መንቀጥቀጥ ይታዘዛል፤ ጓደኛ ለጓደኛውም ያካፍለዋል። መድኃኒቱ አድሬናሊን የሚያርፍባቸውን ቤታ ተቀባዮች ይዘጋል። ቀደም ብለን እንዳልነው ቧንቧውን የሚያላላው አድሬናሊን በደም ነው የሚመጣው፤ መድረሻው ሲዘጋ ቫገስ ያለ ተቃዋሚ ይቀራል። አስም ያለበት ሰው አንድ ኪኒን ውጦ ሊታፈን ይችላል፤ ይባስ ብሎ የተለመደው የሳልቡታሞል ፓፍም በተዘጋው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በደንብ አይሠራለትም፤ በዚህ ጊዜ በቫገስ በኩል የሚመጣው አይፕራትሮፒየም በከፊል ያግዛል። ከኪኒኑ ይልቅ የሚዘነጋው የዓይን ጠብታ ነው። ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል የዚያው ወገን ነው። ጠብታው በእንባ መውረጃ ወደ አፍንጫ ይወርድና በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፤ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞት ያስከተለባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ጠብታው ከገባ በኋላ የዓይንን የውስጥ ጥግ ለሁለት ሦስት ደቂቃ መጫን ወደ ደም የሚያልፈውን ይቀንሳል፤ አስም ላለበት ሰው ግን በዚህ መተማመን አይገባም፤ እንደ ላታኖፕሮስት ያለ ሌላ ጠብታ አለ። የዓይን ሐኪሙ ስለ ሳንባ ካልጠየቀ ሕመምተኛው ራሱ ይናገር። በሐኪም የታዘዘ የልብ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ በድንገት አይቆምም።

ነርቩን ቆርጦ መገላገል አይቻልም ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አውሮፓ ውስጥ ለአስም ብለው ነርቭ የቆረጡ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ፤ ዘላቂ ጥቅም ስላልተገኘበት ተትቷል። ሳንባ የተተከለላቸው ሰዎች ነርቩ ስለተቆረጠ ከስፌቱ በታች የገባ ነገር አያስላቸውም፤ ንፍጥና ጀርም ሳይታወቅ ይጠራቀማል። ነርቩ ጠባቂም ነውና የምንፈልገው ልጓሙ እንዲመለስ ነው።

አስተናግርን ማጨስ ለአስም ጥሩ ነው የሚል ወሬም ይሰማል። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለው ቫገስን ያግዳል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥም ለአስም በሲጋራ መልክ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቅጠልና በሌላው ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሰውን ያስቃዣል፣ ሽንት ያስቋጥራል፣ ልብ ያፋጥናል፤ ጢሱ ራሱ ደግሞ የተቆጣውን ቧንቧ ይለበልባል። አይፕራትሮፒየም የተሠራው ከዚያው ከአትሮፒን ነው፤ ወደ አንጎል እንዳያልፍና በሳንባ እንዲወሰን ተደርጎ። መጠኑ የተለካ ሲኖር ቅጠሉን ማጨስ ምንም ምክንያት የለውም።

ነርቩ ያለ አንዳች ጭንቀት፣ በኬሚካል ብቻ ሰውን በሳንባው በኩል ሊገድል እንደሚችል በየገጠሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስና መሰሎቻቸው ፀረ ተባዮች አሴቲልኮሊንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ይገድላሉ። የተለቀቀው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፣ ላብ፣ እንባና ምራቅ ይወርዳል፣ ቧንቧዎቹ ይጨመደዳሉ፣ ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ይሞላል። የተመረዘውን ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ የፀረ ተባዩን ዕቃ ይዞ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ወተት መጋትና ማስመለስ መርዙ ሳንባው ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። ለባለሙያዎች ደግሞ ይህን እንላለን፦ ለአዋቂ አትሮፒን ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም በደም ሥር ተሰጥቶ፣ በየ5 ደቂቃው ደረቱ ካልጠራ እጥፍ እየተደረገ ይቀጥላል። ግቡ ደረቱ በማዳመጫ ንጹሕ ሆኖ መሰማቱ፣ የልብ ምት ከ80 በላይ መሆኑና የላይኛው የደም ግፊት ከ80 ማለፉ ነው። ብሌኑ ሰፋ ወይም ልቡ ፈጠነ ብሎ ደረቱ ሳይጠራ ማቆም ብዙ ሰው አስከፍሏል። አንድ ሕመምተኛ በአሥር የሚቆጠር ሚሊግራም ሊፈጅ ስለሚችል፣ ጥቂት አምፑል ብቻ የሚያስቀምጥ ጤና ጣቢያ እርሻ ባለበት ወረዳ ውስጥ ተዘጋጅቷል አይባልም። አትሮፒን የመተንፈሻ ጡንቻ መዛልን አይመልስም፤ መዛሉም ከአንድ እስከ አራት ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ደረቱ የጠራለትን ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤት መሸኘት አይገባም።

ዓምዱ እርማት የሚያወጣ ከሆነ ቦታ ጠበበ ተብሎ ሌላው ቢቀር እንኳ፣ ፕሮፕራኖሎልና ቲሞሎል የሚሉት ሁለት ስሞች አስም ላለበት ሰው ጉልህ ሆነው ይጻፉልን፤ ሃይላንዱ እንዴት እንደሚቀደድም ከሥዕል ጋር ቢታተም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
በሳንባ ሕክምና ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች
አዲስ አበባ